ቴክኒክና ሙያ ልትገቡ ነው? ከምርጫ እስከ ሲኦሲ፣ ደረጃ በደረጃ

የ12ኛ ክፍል ውጤት በወጣ ማግስት ስልኬ እረፍት የለውም። «ቲቸር፣ ሃምሳ አልሞላልኝም፤ ቴክኒክ ብገባ የቱ ዲፓርትመንት ይሻለኛል?» የሰፈር ልጅ ይጠይቀኛል፤ ስለ ልጇ የምትጨነቅ እናት ትጠይቀኛለች፤ አሠልጣኝ መሆኔን ታክሲ ውስጥ የሰማ ሰው ሳይቀር ይጠይቀኛል። በ2016 ዓ.ም. ከተፈተኑት መካከል ሃምሳ በመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት 5.4 በመቶ ብቻ ስለነበሩ ጥያቄው የጥቂት ሰው አይደለም። በስልክ በአምስት ደቂቃ አይመለስምና ጽፌ ላስቀምጠው።

አብዛኛው ልጅ መጀመሪያ ለቤቱ የሚቀርበውን ኮሌጅ ያያል፤ ቀጥሎ ቦታ የተረፈበትን ዲፓርትመንት ይሞላል፤ ሲኦሲ የሚባል የሙያ ብቃት ምዘናና የምስክር ወረቀት መኖሩን በቅጡ የሚሰማው ሊመረቅ ሲል ነው። እዚህ የጻፍኩት በተቃራኒው ነው። መጀመሪያ ሥራው፣ ከዚያ ሥራው የሚጠይቀው ሲኦሲ፣ ከዚያ ደረጃው፣ ኮሌጁ መጨረሻ ላይ። ገና 10ኛ ወይም 11ኛ ክፍል ከሆናችሁ የበለጠ ይጠቅማችኋል፤ የመጀመሪያዎቹን ሦስት ተግባራት ክረምት ላይ ያለ ጥድፊያ ትጨርሷቸዋላችሁ።

ከመጀመራችሁ በፊት የሚያስፈልጉ ነገሮች

- የ12ኛ ክፍል ውጤት ህትመትና ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያለው ትራንስክሪፕት፣ ዋናውና ቢያንስ አራት ኮፒ
- የፋይዳ መታወቂያ ወይም ቁጥሩ፣ የነዋሪነት መታወቂያ ያለውም እሱን
- ጉርድ ፎቶ፣ ስምንት ያህል (ለምዝገባ፣ ለመታወቂያ፣ ለትብብር ሥልጠና ማለትም ድርጅት ገብታችሁ ለምትሠለጥኑት፣ ለሲኦሲ ይከፋፈላል)
- የሁሉም ማስረጃ ጥርት ያለ ፎቶ በስልካችሁና በኢሜይላችሁ
- አንድ ጠንካራ ደብተር፣ ለጉብኝትም ለሥልጠናም የሚሆን
- ሦስት ነፃ የሥራ ቀናት፤ ቅዳሜና እሁድ አይሆንም፣ ምክንያቱን ከታች ታገኙታላችሁ

1. የትኛው በር እንደሚከፈትላችሁ እወቁ

ታላላቆቻችሁ «ቴን ፕላስ» (ከ10ኛ ክፍል በኋላ ቴክኒክ መግባት) ሲሉ ሰምታችሁ ይሆናል። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ከ2012 ዓ.ም. ጀምሮ ስለቀረ ያ መንገድ እንደ ድሮው አይሠራም። አሁን ለመደበኛ ሥልጠና ዋናው በር የ12ኛ ክፍል ውጤት ነው። የመግቢያ ነጥቡ በየዓመቱ ይወጣል፤ ለየደረጃው ይለያያል፤ የክልልም ልዩነት አለ። ስለዚህ አምና የገባ ጓደኛችሁ የነገራችሁን ነጥብ አትመኑ። የዘንድሮውን ማስታወቂያ ከኮሌጁ በር ላይ ወይም ከክልላችሁ ሥራና ክህሎት ቢሮ አንብቡ።

12ኛን ያልጨረሰ ሰው በሩ ሙሉ በሙሉ አልተዘጋበትም። ዝቅተኛ ደረጃዎችና የጥቂት ወራት አጫጭር ሥልጠናዎች አሉ። ልዩነቱ አጭር ሥልጠና አንድን ተግባር ያስተምራል፣ መደበኛው ደግሞ ሙሉ ሙያውን ነው። አጭሩን ወስዶ ሥራ መጀመር ነውር የለውም፤ መጨረሻ ላይ የሚሰጣችሁ ወረቀት የመሳተፍ ምስክር ወረቀት ይሁን ወይም ለሲኦሲ የሚያበቃ፣ እሱን ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

2. የዲፓርትመንቱን ስም ትታችሁ ሥራውን አንድ ቀን ሙሉ እዩት

የማትዘሉት ተግባር ይሄ ነው። ዲፓርትመንት ስም ነው፤ ሥራ ግን ሽታ፣ ድምፅ፣ የሰዓት ርዝመትና የወገብ ሕመም አለው። ለሦስት ሙያዎች ሦስት ቀን መድቡ። ዘመድ ወይም ጎረቤት ጠይቃችሁ አንድ ጋራዥ፣ አንድ ኤሌክትሪክ ሠራተኛ፣ አንድ ልብስ ስፌት ቤት፣ የመረጣችሁትን፣ ከጠዋት እስከ ማታ ቁጭ ብላችሁ እዩ። ቅዳሜ የሄዳችሁ እንደሆነ ግማሽ ቀን ነው የምታዩት። ባለቤቱን «ሰው ስትቀጥሩ መጀመሪያ ምን ትጠይቃላችሁ?» በሉት። መልሱን ቃል በቃል ጻፉ፤ ተግባር 3 ላይ ያስፈልጋችኋል።

ሰው ሳያስብባቸው የሚገባባቸው ጥቂት ሙያዎች አሉ፤ ስለ እነሱ ልንገራችሁ።

የሕንፃ ኤሌክትሪክ ገመድ ዝርጋታ። ብዙ ፈላጊ አለው፣ ሥራውም አለ። ከመመዝገባችሁ በፊት ግን ቀለም በትክክል መለየታችሁን ዓይን ሐኪም ዘንድ አረጋግጡ። ቀይና አረንጓዴ የሚደባለቅባቸው ሰዎች፣ በተለይ ወንዶች፣ ብዙ ናቸው፤ አንዳንዶቹ እንደሚደባለቅባቸው አያውቁም። ሽቦ የሚለየው በቀለም ነው። አንድ ጎበዝ ልጅ በሁለተኛው ወር ሽቦ ሲያቀያይር በስንፍና የተቆጣሁት አለ፤ በኋላ ዓይኑ መሆኑ ታወቀ። ዛሬም ያሳፍረኛል።

አውቶ። ጋራዥ ገብታችሁ የምታዩት ቁልፍ ማዞር ቢመስልም የአዳዲሶቹ መኪኖች ችግር በአብዛኛው ሽቦና ሴንሰር ላይ ነው። ኤሌክትሪክ የሚጠላ ሰው አውቶ ገብቶ ከኤሌክትሪክ አያመልጥም።

ልብስ ስፌትና ጋርመንት። ሁለቱ አንድ አይደሉም። ስፌት ቤት ያለ ሰው ልክ ወስዶ፣ ቆርጦ፣ ሰፍቶ ያስረክባል። የጋርመንት ሥልጠና ግን በአብዛኛው ለፋብሪካ መስመር የተቃኘ ነው፤ እንደ ሐዋሳና ቦሌ ለሚ ባሉ ኢንዱስትሪ ፓርኮች አንድ ሠራተኛ ቀኑን ሙሉ አንድ ዓይነት ስፌት፣ ለምሳሌ ኪስ ብቻ፣ ሊሰፋ ይችላል። የራሳችሁን ቤት መክፈት ካሰባችሁ ኮሌጁ ንድፍ አወጣጥና ቅድ ምን ያህል ሰዓት እንደሚያሠለጥን ጠይቁ።

ሆቴል ዝግጅትና መስተንግዶ። ምግብ ዝግጅት የሚወድ ሰው ቶሎ ይሰለጥናል፤ ሳያስበው የገባ ደግሞ የመጀመሪያው ፋሲካ ላይ ይደነግጣል። ሌላው ዶሮ ሲበላ እናንተ ቆማችሁ ታስተናግዳላችሁ። ስምንት ሰዓት መቆም የሚችል እግርና ከቤተሰብ ጋር አስቀድሞ የተደረገ ንግግር ያስፈልጋል።

አካውንቲንግ። «እጅ አያቆሽሽም» ተብሎ የሚመረጥ ነው። ክፍት የሥራ ቦታ ማስታወቂያ የተለጠፈበት ሰሌዳ ሄዳችሁ አንብቡ፤ ፒችትሪ (በኮምፒውተር የሚሠራ የሒሳብ ፕሮግራም ነው) የሚል ቃል ደጋግማችሁ ታያላችሁ። ኮሌጁ ኮምፒውተር ላይ የሚያሠለጥን ካልሆነ የደብተር ሒሳብ ብቻ ይዛችሁ ትወጣላችሁ።

ኮንስትራክሽን፣ ብረታ ብረት፣ እንጨት ሥራ፣ ኔትወርክና ሃርድዌር፣ ግብርና፣ ለሁሉም ደንቡ ያው ነው፦ አንድ ቀን እዩት። ግብርና የሚያስቡ ልጆች እንደ አላጌ ያሉት ኮሌጆች ከከተማ የራቁ መሆናቸውን፣ አዳርና ምግብ ላይ ቀድመው መጠየቅ እንዳለባቸው ይያዙት።

የተለመደ ስህተት፦ ጓደኛን ተከትሎ መምረጥ። ጓደኛችሁ በሁለተኛው ወር ሪሜዲያል (ለዩኒቨርሲቲ መግቢያ የሚሰጠው የማካካሻ ትምህርት) ሲደርሰው ጥሏችሁ ይሄዳል፤ እናንተ በማትወዱት ወርክሾፕ ውስጥ ትቀራላችሁ።

3. ሥራው የሚጠይቀውን ደረጃ አንብቡ

ሥልጠናው በደረጃ የተከፈለ ነው፤ ሰው «ሌቭል» ይለዋል። በኮሌጆች የተለመዱት ከደረጃ 1 እስከ 5 ናቸው። በደረጃ 1ና 2 ሰው እየተቆጣጠራችሁ ትሠራላችሁ። ደረጃ 3 ላይ ሥራውን ራሳችሁን ችላችሁ ትጨርሳላችሁ። ደረጃ 4 ላይ ፕላን አንብባችሁ፣ ዕቃ ገምታችሁ ሌላውን ታሠራላችሁ። ደረጃ 5 ወደ አስተዳደርና ከፍ ያለ ቴክኒክ ያደላል።

እያንዳንዱ ሙያ የራሱ «የሙያ ደረጃ» ሰነድ አለው፤ በእንግሊዝኛ ምህጻሩ «ኦኤስ» ይባላል። ሠልጣኙ ምን መሥራት መቻል እንዳለበት በየተግባሩ ዘርዝሮ ያስቀምጣል፤ ኮሌጁም የሲኦሲ መዛኙም የሚነሡት ከዚሁ ሰነድ ነው። ኮሌጁን «የዚህን ሙያ ኦኤስ አሳዩኝ» በሉ። ማንበቡ ያሰለቻል፤ የተግባሮቹን ርዕስ ብቻ አይታችሁ ተግባር 2 ላይ ቀጣሪው ከነገራችሁ ጋር አስተያዩ። ቀጣሪው የሚፈልገው በደረጃ 3 ውስጥ ከሆነና ኮሌጁ ያለው እስከ ደረጃ 2 ብቻ ከሆነ፣ ከዚያ በኋላ የት እንደምትቀጥሉ ዛሬውኑ መልስ ያስፈልጋችኋል።

ሁሉም ሙያ ከደረጃ 1 አይጀምርም፤ አንዳንዱ ሁለትና ሦስት ደረጃን አንድ ላይ ያሠለጥናል። የጊዜው ርዝመትም የሚለካው በሥልጠና ሰዓት ስለሆነ «ስንት ዓመት ነው?» ከማለት «ስንት ሰዓት ነው? ስንቱ ተግባር ነው?» ብላችሁ ጠይቁ። በዓመት የሚመልስላችሁ መዝጋቢ ዕረፍቱንም ቆጥሮ ሊሆን ይችላል።

4. ኮሌጁን በእግራችሁ ሄዳችሁ እዩ

አዲስ አበባ ላይ ተግባረ ዕድ፣ ጄኔራል ዊንጌት፣ እንጦጦ፣ ምሥራቅና ንፋስ ስልክ፤ ክልል ላይ ባሕር ዳር፣ ጎንደር፣ ኮምቦልቻ፣ ደሴ ያለው ወይዘሮ ስኂን፣ ሁሉም ስም ያላቸው የመንግሥት ኮሌጆች ናቸው። ስም ግን ስለ ኮሌጁ እንጂ ስለ ዲፓርትመንቱ አይነግራችሁም። በአንድ ግቢ ውስጥ የብየዳው ወርክሾፕ ቀኑን ሙሉ ሲጮህ የጎኑ ክፍል ማሽን ላስቲክ ለብሶ ተቀምጦ ሊሆን ይችላል።

በሥራ ቀን ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ሂዱ። እነዚህን እዩ፦

- የሚሠራ ማሽን ስንት ነው? በአንድ ማሽን ስንት ልጅ ቆሟል? ከአምስት በላይ ከሆኑ የምትማሩት በማየት ነው።
- የሚያልቅ ዕቃ አለ? ኤሌክትሮድ፣ ላሜራ፣ ሽቦ፣ ጨርቅ፣ ዱቄት። ማሽን ኖሮ ኤሌክትሮድ ከሌለ ብየዳ የለም። ወርክሾፕን የሚያደኸየው አብዛኛውን ጊዜ ይሄ ነው።
- መሬቱ ላይ ቁርጥራጭ አለ? በጣም የጸዳ የብረታ ብረት ወርክሾፕ ያጠራጥረኛል።
- ሠልጣኞቹ ቱታና ሴፍቲ ጫማ ለብሰዋል?

ከዚያ ግቢ ውስጥ ከምታገኟቸው ሠልጣኞች አንዱን «ባለፈው ሳምንት ምን ሠራችሁ?» ብላችሁ ጠይቁ። «ኮሌጁ ጥሩ ነው?» አትበሉ፤ ሁሉም ጥሩ ነው ይላል። ባለፈው ሳምንት በር ገጥመናል፣ ሞተር ፈትተናል ካላችሁ ጥሩ ነው። «ኖት ጻፍን» ካለ ሌላ አንድ ልጅ ጠይቁ፤ እሱም ያንኑ ካለ ወደ ሌላ ኮሌጅ ሂዱ።

የማታ ፕሮግራም የምትገቡ ጉብኝቱንም ማታ አድርጉት። ቀን የሚከፈተው ወርክሾፕ ማታ ላይከፈት ይችላል፤ መብራት ሲጠፋ ደግሞ ጄኔሬተሩ ቢሮውን ብቻ ሊያበራ ይችላል።

5. የግል ኮሌጅ ከሆነ፣ ብር ከመክፈላችሁ በፊት እውቅናውን አጣሩ

ማስጠንቀቂያ፦ «ኮሌጁ እውቅና አለው» የሚለው ቃል በቂ አይደለም። እውቅና የሚሰጠው ለካምፓስ፣ ለሙያና ለደረጃ ተለይቶ ነው። ፒያሳ ያለው ካምፓስ በአካውንቲንግ ደረጃ 4 ተፈቅዶለት ሜክሲኮ ያለው ሳይፈቀድለት ሊያሠለጥን ይችላል። ፈቃዱ የጊዜ ገደብም አለው። እናንተ ዘንድሮ ገብታችሁ ፈቃዱ ከሚቀጥለው ዓመት በፊት የሚያልቅ ከሆነ የእድሳት ማመልከቻ ማስገባታቸውን ጠይቁ።

እንዲህ አድርጉ። አንደኛ፣ የፈቃዱን ወረቀት አሳዩኝ በሉ፤ ግድግዳ ላይ የተሰቀለውን ከሩቅ ሳይሆን ቀርባችሁ የሙያውን ስም፣ ደረጃውን፣ የካምፓሱን አድራሻና ቀኑን አንብቡ። ሁለተኛ፣ ፎቶ አንሡት። የሚከለክላችሁ ኮሌጅ መልሱን ሰጥቷችኋል። ሦስተኛ፣ ፎቶውን ይዛችሁ ፈቃዱን ወደ ሰጠው የትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ሂዱና እውነት መሆኑን ጠይቁ። ግማሽ ቀን ይፈጃል።

ግማሽ ቀን በዛ የምትሉ ካላችሁ፣ የማውቃት ልጅ አለች። ስሙን የማልጠራው ኮሌጅ ውስጥ ሁለት ዓመት ከፍላ ጨረሰች። ሲኦሲ ልትመዘገብ ስትሄድ ኮሌጁ በዚያ ሙያ የተፈቀደለት እስከ ደረጃ 2 እንደነበር፣ እሷ የተማረችው ደግሞ ደረጃ 3 እንደነበር ተነገራት። የከፈለችበት ደረሰኝ በሙሉ እጇ ላይ ነበር። ማንም አልመለሰላትም።

ሌላ የማትሸወዱበት ነጥብ፦ «ሲኦሲውን እኛ እናስጨርሳለን» የሚል ኮሌጅ። የሚያሠለጥንና የሚመዝን አካል የተለያየ ነው። ኮሌጁ ሊያስመዘግባችሁና ሊያዘጋጃችሁ ይችላል፤ ውጤቱን ቃል ሊገባላችሁ አይችልም። ቃል ከገባ ወይ ይዋሻል ወይ ሊሰጣችሁ ያሰበው ሐሰተኛ ወረቀት ነው።

6. ተመዝገቡ፣ ስማችሁንም ፊደል በፊደል ጠብቁ

ምዝገባው ራሱ ቀላል ነው፦ ቅጽ ትሞላላችሁ፣ ማስረጃ ትሰጣላችሁ፣ ምርጫችሁን በቅደም ተከተል ታስቀምጣላችሁ። ሁለተኛና ሦስተኛ ምርጫን በዘፈቀደ አትሙሉ፤ ብዙ ሰው የሚመደበው እዚያ ነው። ተግባር 2 ላይ ሦስት ሙያ እዩ ያልኳችሁ ለዚህ ነው።

ጣጣ የሚያመጣው ስም ነው። በላቲን ፊደል የስማችሁ አጻጻፍ በ12ኛ ክፍል ውጤት፣ በፋይዳና በኮሌጁ መዝገብ ላይ አንድ መሆን አለበት። «ፀሐይ» የሚለው ስም አንዱ ጋ በ«ዋይ» ሌላው ጋ በ«አይ» ካለቀ ሲኦሲ ላይ ሌላ ሰው ትሆናላችሁ። ከሦስት ዓመት በኋላ ለማስተካከል ወረዳ፣ ፍርድ ቤትና ኮሌጅ ትመላለሳላችሁ። ቅጹን ከማስረከባችሁ በፊት የ12ኛ ክፍል ወረቀታችሁን አጠገቡ አስቀምጡና ፊደል በፊደል አመሳክሩ። የአያት ስምም እንዲሁ።

7. የመጀመሪያዎቹን ወራት ለሁለት ነገር አውሉ፦ ለቃልና ለጥንቃቄ

ወርክሾፕ ውስጥ ካቻቪቴ፣ ፒንሳ፣ ክሪክ፣ ፌሮ፣ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን) ነው የሚባለው። ሞጁሉ ግን በአብዛኛው በእንግሊዝኛ ነው፤ ካቻቪቴ እዚያ ሌላ ስም አለው። ጥሩ ሠርቶ የጽሑፍ ምዘና ላይ የሚወድቅ ልጅ ብዙውን ጊዜ የወደቀው በሙያው ሳይሆን በስሙ ነው። ደብተራችሁን በሦስት ዓምድ ክፈሉት፦ የጋራዥ ስም፣ የሞጁል ስም፣ ምን ይሠራል። በቀን አምስት ቃል ጻፉ። ስድስት ወር ሲሞላ እጃችሁ ላይ ያለው ከየትኛውም ሃንድአውት የተሻለ መዝገበ ቃላት ነው።

ጥንቃቄውን ደግሞ እንደ ደንብ ሳይሆን ከነምክንያቱ ያዙት።

- ቶርኖና ድሪል ላይ ነጠላ፣ ሻሽ፣ ሰፊ እጅጌ፣ የተለቀቀ ፀጉር አይፈቀድም። የሚሽከረከረው ብረት ጨርቁን ሲይዝ እጃችሁን ወይም ራሳችሁን አብሮ ይጎትታል። ጓንትም እንዲሁ፦ ሌላ ቦታ ይጠብቃችኋል፣ ቶርኖ ላይ ግን ጣት ያስወስዳል።
- ብየዳ ላይ በባዶ ዓይን «አንዴ ብቻ» አትዩ። ሕመሙ ወዲያው አይሰማም፤ ሌሊት ዓይናችሁ ውስጥ አሸዋ የገባ ይመስላችኋል። አጠገባችሁ ሌላው ሲበይድም ያው ነው። ናይለን ልብስ አትልበሱ፤ ብልጭታ ሲነካው ቀልጦ ቆዳ ላይ ይጣበቃል።
- በክሪክ ብቻ የተነሣ መኪና ሥር አትግቡ። ክሪክ ማንሻ ነው እንጂ መያዣ አይደለም፤ ሥሩ ጠንካራ ድጋፍ አስገቡ።
- ኤሌክትሪክ ላይ ማብሪያውን አጥፍቶ መንካት በቂ አይደለም። ብሬከሩን አውርዱ፣ በቴስተር አረጋግጡ፣ ከዚያ ንኩ። የቤት መስመር 220 ቮልት ነው፤ ሰው ለመግደል ከበቂ በላይ።

8. የትብብር ሥልጠናውን ራሳችሁ ያዙት

የሥልጠናው ደንብ 70 በመቶውን በድርጅት፣ 30 በመቶውን በኮሌጅ ይላል። በተግባር ድርጅት የማግኘቱ ሥራ ብዙ ጊዜ በሠልጣኙ ላይ ይወድቃል። ኮሌጁ ደብዳቤ ይሰጣችኋል፤ በር የምታንኳኩት እናንተ ናችሁ። ደብዳቤው ከመውጣቱ ሁለት ወር በፊት ፈልጉ። ደብዳቤው በሚወጣበት ሰሞን ሁሉም ተማሪ አንድ ላይ ስለሚወጣ ጥሩ ጥሩው ቦታ ቶሎ ይሞላል።

ትልቅ ድርጅት ወይስ ትንሽ? ትልቁ ስሙ ያምራል፤ ማሽኑን ግን ላያስነካችሁ ይችላል። በጥቃቅንና አነስተኛ የተደራጁ አራት አምስት ሰዎች ያሉበት ወርክሾፕ ሰው ስለሚያጥረው በሁለተኛው ቀን ያሠራችኋል። እኔ ትንሹን እመርጣለሁ፤ የደኅንነት ዕቃ መኖሩን አይታችሁ ግን።

የመጀመሪያው ቀን የሞጁሉን የተግባር ዝርዝር ለኃላፊው ስጡና «ከነዚህ የትኞቹን እዚህ ልሠራ እችላለሁ?» በሉ። ይሄን ያላደረገ ልጅ ሦስት ወር ሻይ ሲያመላልስና ወርክሾፕ ሲጠርግ ይከርማል። መጥረግ የሥራው አካል ነው፤ ሥራው በሙሉ መጥረግ ከሆነ በሁለተኛው ሳምንት ለኮሌጁ አስተባባሪ ተናገሩ፣ መጨረሻ ላይ አይደለም።

ሎግቡኩን፣ የሠራችሁትን የምትመዘግቡበትን ደብተር፣ በየሳምንቱ አስፈርሙ። ተጠራቅሞ መጨረሻ ላይ የሚፈረም ከሆነ የሚያስታውሳችሁ ኃላፊ ሥራ ለቆ ልታገኙት ትችላላችሁ።

9. ሲኦሲ

ከኮሌጁ መመረቅና ሲኦሲ ማግኘት ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ኮሌጁ መሠልጠናችሁን ይመሰክራል፤ ሲኦሲ መሥራት መቻላችሁን። ቀጣሪ የሚጠይቀው፣ ወደ ቀጣዩ ደረጃ የሚያሻግራችሁ ሲኦሲው ነው። ስለዚህ ሥልጠናው እንዳለቀ ወዲያው ተመዝገቡ፤ ስድስት ወር ካለፈ እጅ ይረሳል።

ምዘናው ሁለት ክፍል አለው፦ የጽሑፍና የተግባር። ውጤቱ በመቶኛ አይነገርም፤ «ብቁ» ወይም «ገና ብቁ አይደለም» ነው። ሁለተኛው ከመጣ የትኛው ተግባር ላይ እንደጎደላችሁ ጠይቃችሁ ጻፉ፤ ድጋሚ ለመመዘን የምትዘጋጁት በዚያው ነው።

ተግባሩ ላይ ጥሩ ሠራተኞች የሚወድቁበትን ልንገራችሁ። መዛኙ የሚያየው የተሠራውን ዕቃ ብቻ አይደለም፤ አሠራሩንም ነው። አንድ ምሳሌ፦ አምፖልና ማብሪያ ግጠሙ ተባላችሁ። ማብሪያውን በፌዝ (ኤሌክትሪክ በሚያመጣው ሽቦ) ፈንታ ኒውትራል (መመለሻው ሽቦ) ላይ ገጠማችሁት። አምፖሉ ይበራል፣ ይጠፋል፣ ያምራል። ሲጠፋ ግን አምፖሉ ላይ ኤሌክትሪክ አለ፤ የሚቀይረው ሰው ይያዛል። መዛኙ «ብቁ» አይላችሁም፣ ትክክልም ነው። መነጽር ሳያደርጉ ግራይንደር ማስነሣት፣ ሳይለኩ መቁረጥ፣ ሲጨርሱ ጠረጴዛውን ሳያጸዱ መሄድ፣ ሁሉም ይጻፋል።

ለዝግጅት፦ ተግባር 3 ላይ ያያችሁትን የሙያ ደረጃ ሰነድ አውጡና እያንዳንዱን ተግባር «እችላለሁ»፣ «በእርዳታ እችላለሁ»፣ «አልችልም» እያላችሁ ምልክት አድርጉ። ሦስተኛው ምልክት ያለባቸውን ወደ ትብብር ሥልጠና ድርጅታችሁ ተመልሳችሁ ሥሩ። ሰዓት ይዛችሁ ተለማመዱ፤ ምዘናው የጊዜ ገደብ አለው፣ ቤት ውስጥ ግን ማንም አያጣድፍም።

በኮሌጅ ሳያልፍ በሥራ ላይ የተማረ ሰውም ለምዘና መቅረብ ይችላል። ታላቅ ወንድማችሁ አሥር ዓመት ጋራዥ ሠርቶ ወረቀት የሌለው ከሆነ ይሄን ንገሩት።

ማስጠንቀቂያ፦ ሲኦሲ በብር የሚያወጣላችሁ ሰው ከመጣ ራቁት። ቀጣሪ ወረቀቱን ለሰጠው መሥሪያ ቤት ልኮ ያጣራል። የተጭበረበረ ሆኖ ከተገኘ የምታጡት ሥራውን ብቻ አይደለም፤ በወንጀልም ያስጠይቃል።

10. ከሲኦሲ በኋላ

ሥራ ፈላጊ ከሆናችሁ በወረዳችሁ ሥራና ክህሎት ጽሕፈት ቤት ተመዝገቡ። ተደራጅታችሁ የራሳችሁን ልትሠሩ ካሰባችሁም የምትጀምሩት ከዚያው ነው። ከማን ጋር እንደምትደራጁ በትብብር ሥልጠናው ወቅት አይታችሁ ወስኑ፤ ወረዳ ወረፋ ላይ ከተገናኛችሁት ሰው ጋር አትደራጁ።

ወደ ዲግሪ መቀጠል የምትፈልጉ፣ ዩኒቨርሲቲው ከቴክኒክና ሙያ የሚመጣን ሰው በምን መስፈርት እንደሚቀበል ገና ደረጃ 3 ላይ እያላችሁ ከራሱ ሬጅስትራር ጠይቁ። መስፈርቱ ይቀያየራል። የማይቀያየረው፣ ሲኦሲ ከሌላችሁ ንግግሩ የማይጀመር መሆኑ ነው።

የሲኦሲውን ዋና ወረቀት ቤት አስቀምጡ፣ ላሚኔት አታስደርጉት (በፕላስቲክ አታሳሽጉት)፤ ላሚኔት ከተደረገ ማኅተሙን ማጣራት ስለሚያስቸግር አንዳንድ ቢሮ አይቀበለውም። ቀጣሪ ሲጠይቃችሁ ዋናውን አሳይታችሁ ኮፒውን ስጡ። «ዋናውን እኛ ጋ እናስቀምጠው» የሚል ካለ አትስጡ።